ኦብሴ መሪውን የያዘችበት ዓመት

ኦብሴ ኢፋን መጀመሪያ ያወቅኋት በሸራ ሰፊነቷ ነው። መካኒሳ አቦ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የጭነት መኪና ሸራ የምትሰፋበት ቤት አላት። እህልና ሲሚንቶ ከዝናብ የሚከልሉትን እነዚያን ከባድ ሸራዎች ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ የተቀደደውን ትጠግናለች። ወለሉ ሁልጊዜ ሸራ ስለተዘረጋበት ደንበኛ የሚገባው ጫማውን አውልቆ ነው። ባሏ ፈየራ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ስንጋባ እሱ ሸራ ፈልጎ፣ እኔ ደንበኛ ፈልጌ ነበር ብላ ትቀልዳለች።

እኛ ደግሞ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሐይቅ ላይ በሸራ ጀልባ የምንወዳደር ጥቂት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት ሄደን እሑድ ማታ የምንመለስ ነን። ክለባችን ሀብታም አይደለም። ጀልባዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ሸራዎቹም እንደዚያው። የኔ ድርሻ የነፍስ አድን ጀልባዋን መንዳት ነው። ሞተር ያላት እሷ ብቻ ናት፤ የተገለበጠ ሰው ካለ ሄጄ አነሣለሁ፣ ከሌለ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ስለዚህ የዚያን ዓመት ነገር ከማንም በላይ በቅርብ ያየሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ዓመቱ ሥራ የበዛበት ነበር። ከዚያ በፊት በዓመት አንድ ወይ ሁለት ውድድር ካደረግን ብዙ ነው። ያን ዓመት ግን የሐዋሳና የላንጋኖ ሰዎች ከኛ ጋር ተስማሙና መርሐ ግብሩ ሞላ፤ መስከረም መጨረሻ መክፈቻው በኛ ሐይቅ፣ ኅዳር ሐዋሳ፣ ከጥምቀት በኋላ እንደገና እኛ ጋ፣ ከፋሲካ በኋላ ላንጋኖ፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር መዝጊያው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ያሉንን ጀልባዎች በሙሉ ማደስ ግድ ሆነ። ሸራዎቹን እንድትጠግንልን ኦብሴ ጋ ሄድን። ሐይቁ ዳር ጭቃ ነው፤ መጠለያ የለንም። ኦብሴ "የአባቴ ግቢ ሰፊ ነው፣ አምጡት" አለች። ፈየራ በአይሱዙው እያመላለሰ ላፍቶ አራገፋቸው።

አባቷ አቶ ኢፋ የላፍቶ የጥንት ሰው ናቸው። ድሮ ከግቢያቸው በር እስከ ወንዙ ድረስ ጤፍና ምስር ይዘሩ ነበር፤ አሁን እዚያው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የቀራቸው ግቢውና ጥቂት የወተት ላሞች ናቸው። ከሰገነት ሆነው ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶች በላሞቹ መካከል የተደረደሩትን ጀልባዎች ሲያዩ ግራ ተጋቡ። አንዷ ሴትዮ ከሦስተኛ ፎቅ "አቶ ኢፋ፣ የሰማችሁት ነገር አለ እንዴ? ጎርፍ ይመጣል ተባለ?" ብላ ጠየቀች። አቶ ኢፋ ቀና ብለው "እኔም ልጄን እየጠየቅኋት ነው" አሏት።

የኦብሴን ሕይወት የለወጡት ጋሼ ገብረ መድኅን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ጋሼ ገብረ መድኅን በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን አዲስ አበባ መጡ፤ ጡረታ እስኪወጡ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሠሩ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጋር ብስራተ ገብርኤል ይኖራሉ። ክለባችንን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። እኔንም ጨምሮ ግማሾቻችን ጀልባ የተማርነው ከሳቸው ነው። የኛ ጀልባዎች ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። አንዱ ከኋላ ተቀምጦ መሪውንና ትልቁን ሸራ ይይዛል፤ ሌላው ከፊት ሆኖ ትንሹን ሸራ ይይዛል፣ ጀልባዋ ስትዘነበል በክብደቱ ሚዛን ይጠብቃል። የጋሼ ረዳት የነበረው ወጣት ያን ክረምት ሥራ አግኝቶ ከአገር ወጥቶ ነበር።

ጋሼ ኦብሴ የጠገነችላቸውን የራሳቸውን ሸራ ስፌት ሊያዩ ግቢው ውስጥ ተንበረከኩ። ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

"ዋና ትችያለሽ?" አሏት።

"አልችልም" አለች ኦብሴ።

"ይለመዳል። ውሃ ትፈሪያለሽ?"

"አላውቅም። ከወንዛችን ሌላ ውሃ ገብቼ አላውቅም። ለምን ጠየቁኝ?"

"ሰው ጎድሎብኛል።"

ኦብሴ ሳቀች። አርባ ዓመቷን አልፋለች፤ ሁለት ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። "እኔ ሰፊ ነኝ እኮ፣ ጋሼ" አለቻቸው።

"ሸራ ንፋስ ሲሞላው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላየችም። ይኼን በኋላ ስታወራኝ፣ የሰፋቻቸው ሸራዎች በሙሉ ሥራቸው ዝናብና ንፋስ መከልከል ነበር አለችኝ። ተወጥሮ ታስሮ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሸራ ነው ስትሰፋ የኖረችው። ንፋስ ተቀብሎ ሰው ይዞ የሚሄድ ሸራ ምን እንደሚመስል ማየት አማራት። ያኔ ከዚያ ያለፈ ምክንያት አልነበራትም።

ፈየራ አልወደደውም። በክረምት ድልድይ ላይ ጎርፍ የወሰደው መኪና በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ውሃ ለሱ ቀልድ አይደለም። አትሄጂም ግን አላላትም። "ያን የነፍስ አድን ጃኬት እንዳታወልቂው" ብቻ አላት።

የመስከረሙ ውድድር ላይ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጡ። ነጠላ ጫማዋ ውሃ ውስጥ ቀረ፣ ገመዱ መዳፏን ላጠው። እኔ በነፍስ አድኗ ጎን ለጎን ስከተላቸው ፊቷን አይቼዋለሁ። ሸራው ድንገት ሞልቶ ጀልባዋ ስትነሣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሽቅብ ሸራውን ታይ ነበር፤ ጋሼ "ወደ ፊት እዪ፣ ልጄ" እያሏት።

በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ዋና ተማረች። ሸራው ላይ አንዲት እጥፋት ስታይ ገመዱን ጠበቅ ታደርጋለች፤ ጨርቅ ታውቃለችና ይኼ አላስቸገራትም። ጋሼ እየነዱ ሳያቋርጡ ይጠይቋታል። "የምንዞርበት ምልክት የት ነው?" "ከፊታችን ማን አለ?" "ከቀኝ የሚመጣ አለ?" እሷም ትመልሳለች። ንቁ እንድትሆን የሚያስተምሯት መስሏት ነበር። እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን።

ኅዳር ላይ ሐዋሳ ሄድን። ጀልባዎቹን ፈየራ ነው የጫነልን። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ጥሩ ነበር፤ ጋሼና ኦብሴ ከመቼውም በላይ ፊት ነበሩ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ። ተንሳፋፊውን ምልክት ዞረው ወደ ዳርቻው ሲመለሱ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ በእንጨት ታንኳው ላይ ቆሞ መረቡን እየሳበ ነበር። ታንኳው በቀኛቸው በኩል፣ ግልጽ ቦታ ላይ ነው ያለው። እኔ ከሩቅ አየሁትና ጋሼም አይተውታል፣ አሁን መሪውን ያጥፋሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላጠፉም።

ኦብሴ ትንሹን ሸራ እያስተካከለች ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ዞር ስትል ታንኳው አፍንጫቸው ሥር ነው። ደንግጣ በአፍ መፍቻዋ ጮኸች። "ቢታ! ቢታ!" በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው። ጋሼ ኦሮምኛ አይሰሙም። የጀልባዋ አፍንጫ የታንኳውን ጫፍ ገጨው፣ ሰውየው ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ መረቡ ከመሪያቸው ጋር ተጠላልፎ ተቀደደ።

ሰውየው ዋናተኛ ነው፤ እኔ ስደርስ ታንኳውን ይዞ ይሳደብ ነበር። ምንም አልሆነም። የክለባችን ሊቀ መንበር ጸደንያ ይቅርታ ጠይቃ አዲስ መረብ እንገዛልሃለን አለችው። አዲሱ እስኪመጣ ምን እሠራበታለሁ አለ። ኦብሴ "አምጣው" አለችው። በማግስቱ ሁላችንም ስንወዳደር እሷ ዳርቻው ላይ፣ ከሰውየው አጠገብ፣ መረቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትቋጥር ዋለች። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው። ወደ ማታ ላይ ሰውየው እንዲህ አላት፦

"ሽማግሌው አላዩኝም እኮ። በቀኛቸው በኩል አጠገባቸው ነበርኩ፣ ግን አላዩኝም። እኔ ዓይናቸውን አይቼዋለሁ።"

ኦብሴ መርፌውን አስቀመጠች። ያን ሁሉ ጥያቄ አስታወሰች፤ ምልክቱ የት ነው፣ ከቀኝ የሚመጣ አለ።

ጋሼ ከሆቴሉ ግቢ አንድ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ዓይንዎ ያያል?"

"መሐሉን አያለሁ" አሏት። "ዳር ዳሩ ጠፍቷል። ግላኮማ ነው አሉኝ። በቀዳዳ እንደማየት ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል። ኦብሴ፣ እስከ ሰኔ ብቻ ያዢልኝ። ከዚያ በኋላ በራሴ እተዋለሁ። አንቺ ካለሽ ይበቃኛል፤ ዓይኔ አንቺ ነሽ።"

እሺም እምቢም አላለችም። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በአይሱዙው ጋቢና ከፈየራ አጠገብ ተቀመጠች። ሞጆን ካለፉ በኋላ ነገረችው። ፈየራ እንዲህ አለ፦

"ሹፌር ዓይኑ ሲደክም መጀመሪያ የሚያውቀው ረዳቱ ነው። ያ ረዳት ዝም ካለ እሱም ነድቷል ማለት ነው።"

ኦብሴ ሳምንቱን ሙሉ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ስታስብ ሰነበተች። ሽማግሌው ከዚያ ሐይቅ ውጪ ብዙ ነገር የላቸውም። ልጆቻቸው ራቅ ያለ ቦታ ናቸው፤ ሰው ስማቸውን በአክብሮት የሚጠራው እዚያ ነው። እሷም ብትሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራና ከቤት ሌላ የኔ የምትለው ነገር ያገኘችው በሳቸው ጀልባ ላይ ነው። ብትናገር ሁለቱም ያጣሉ። ያ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ዋና ባይችልስ ኖሮ?

ብስራተ ገብርኤል ቤታቸው ሄደች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው በር የከፈቱላት። ባለቤታቸው የዓይን ጠብታ እንደሚጠቀሙ ያውቃሉ፤ ምን ያህል እንደከፋ ግን አልተነገራቸውም።

"ክለቡ ይወቅ፣ ጋሼ" አለች ኦብሴ። "እርስዎ እንዲነግሯቸው ነው የመጣሁት።"

"ባልነግርስ?"

"እኔ ከእርስዎ ጋር አልወጣም። ለምን ቀረሽ ቢሉኝም አልዋሽም።"

ጋሼ ተነሥተው ቆሙ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ" አሏት። "አንድ ወቅት እንኳ አልታገሥሽኝም። በይ ሂጂ።"

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እስከ በሩ ሸኟት። በሩ ላይ እጇን ያዝ አድርገው ለቀቋት።

የጥምቀት ሰሞኑ ውድድር ላይ ሁለቱም አልመጡም። ጋሼ አሟቸዋል ተባለ። ጸደንያ ኦብሴን ስልክ ደውላ ስትጠይቃት "ራሳቸውን ጠይቂያቸው" ብቻ ብላ ዘጋችው። ለኔ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኦብሴ ራሷ ደውላ "ኢያቄም፣ መሪ መያዝ ታስተምረኛለህ?" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከምኖርበት ከሀና ማርያም አብረን መሄድ ጀመርን።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልቻለችም። ትንሹን ሸራ በደንብ የያዘች ሰው መሪ ላይ ስትቀመጥ ሌላ ሰው ሆነች። ንፋስ ሲነሣ መሪውን እንደ መኪና ትጠመዝዛለች፤ ጀልባዋ ትቆማለች። ንፋስ ወደሚመጣበት ቀጥታ መሄድ አይቻልም፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጣመሙ ነው፤ ይኼን ታውቀዋለች፣ እጇ ግን አያውቀውም። ሁለት ጊዜ ገለበጠችን። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ስንመለስ "ሳቸው ያደርጉት የነበረውን አሁን ነው ያየሁት" አለች። ያኔ ነው ነገሩን ሁሉ የነገረችኝ፤ ጋሼ ራሳቸው እስኪናገሩ በውስጤ እንድይዘው ለምና።

ዐቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል፣ መካኒሳ ሱቋ ውስጥ የአይሱዙ ሸራ ላይ ተንበርክካ ስትለካ፣ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰማች። ጋሼ ገብረ መድኅን ናቸው፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ክንዳቸውን ይዘው። ኦብሴ ብድግ ብላ ወንበር አቀረበች።

"ለጸደንያ ነገርኳት" አሉ ጋሼ ገና ሳይቀመጡ። "ትናንት። መሪ ከለከሉኝ።"

"አዝናለሁ፣ ጋሼ።"

"እኔም አዝኛለሁ። ፊት መቀመጥን ግን አልከለከሉኝም። ሸራ ለመያዝ እጅ ነው የሚያስፈልገው።" ወንበሩን በእጃቸው ዳስሰው ተቀመጡ። "መሪውን የሚይዝልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።"

ኦብሴ ወለሉን አየች። "እኔ ገና ነኝ" አለች።

"አውቃለሁ። ኢያቄምን ጠይቄዋለሁ። እንደ ውሃ ቧንቧ ነው የምትጠመዝዘው አለኝ።"

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ኦብሴ። ጋሼ ሳይስቁ ቆዩና እነሱም ዝም ሲሉ፣ "ያን ቀን ሂጂ ያልኩሽን..." ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። እሷም ይጨርሱት አላለቻቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ላንጋኖ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ እጅህን ብትከት ጣትህ አይታይህም። ከሰዓት ንፋሱ ይበረታል። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ኦብሴ ዘግይታ አጠፈችና ጀልባዋ ተገለበጠች። እኔ ሞተሬን አስነሥቼ በረርኩ። ስደርስ ኦብሴ የጀልባዋን ሆድ በአንድ እጇ፣ የጋሼን ጃኬት በሌላው ይዛ ውሃ እየተፋች ነው።

"ገመድ ልወርውር?" አልኳት።

ወደ ጋሼ ዞረች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተወን" አለችኝ። "ራሳችን እናነሣዋለን።"

አነሡት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሁሉም ጀልባ ጨርሶ ዳርቻው ላይ ቆሞ ያይ ነበር። የመጨረሻ ሆነው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ንፋሱ ቀጭን ነበር፣ እዚህም እዚያም እየተነሣ የሚጠፋ። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ንፋሱ ከየት እንደሚነካቸው ለማወቅ ፊታቸውን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። "ቢታ" ይሏታል፣ ወደ ግራ እንድታጥፍ፤ "ሚርጋ" ይሏታል፣ ወደ ቀኝ። ከሐዋሳ በኋላ ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ከጎረቤት አስጠይቀው የተማሩት ነው። ከርቀት ስሰማቸው ሌላ ወሬ የላቸውም፤ እሷ የምታየውን ትናገራለች፣ እሳቸው የሚሰማቸውን። ሌሎቹ ጀልባዎች መሐል ሐይቅ ላይ ንፋስ አጥተው ሲቆሙ፣ እነሱ ዳር ዳሩን ይዘው ቀስ ብለው አለፉ። የመጨረሻውን መስመር ሲያቋርጡ ጥሩንባው ተነፋ።

"ስንተኛ ነን?" አሉ ጋሼ።

"ሁለተኛ።"

"ከኋላ?"

"ከፊት፣ ጋሼ። ጸደንያ ብቻ ናት የቀደመችን።"

ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ኦብሴ ፊታቸውን አላየችም፤ ጀርባቸውን ነበር የምታየው።

ግንቦት ላይ ጋሼ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ነው። ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ እንዳይነካቸው ስላዘዘ የሰኔውን መዝጊያ ዳርቻ ላይ ተቀምጠው ነው ያሳለፉት፤ የመነሻውን ጥሩንባ የነፉት እሳቸው ናቸው። ኦብሴ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ስታጣ ፈየራ ጃኬት ለብሶ መጣ። ማንም አልጠየቀውም። ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ሚስቱ ሳብ ስትለው ሳበ፣ ልቀቅ ስትለው ለቀቀ። ከመሐል በታች ወጡ። ሲወርድ "እዚህ ላይ ፍሬን የለም?" ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ቀን ጀልባዎቹን ለክረምት እየጫንን ሳለ ኦብሴን ከሁሉ የከበደሽ ምን ነበር አልኳት። ለጋሼ መንገሩ ትለኛለች ብዬ ነበር።

"አይደለም" አለች። "ከነገርኳቸው በኋላ ነው የከበደኝ። ያን ሁሉ ወር ራሴን እጠይቅ ነበር። ለዚያ ዓሣ አጥማጅ አስቤ ነው የተናገርኩት፣ ወይስ መሪውን ፈልጌው ኖሯል? ላንተ ደውዬ አስተምረኝ ስልህ የሳቸውን ቦታ የምሰርቅ ነበር የሚመስለኝ።"

"አሁንስ?"

"ላንጋኖ ላይ እሳቸውን ጠየቅኋቸው። ተገልብጠን ጀልባዋን እያነሣን ሳለ። ጋሼ፣ መሪውን ፈልጌ ይሆን እንዴ አልኳቸው።"

"ምን አሉሽ?"

"ሁለቱም ይሆናል፣ ምን አለበት፣ ይልቅ ገመዱን ሳቢ አሉኝ።"

ፈየራ ከጋቢናው ጠራት። እሷም የጀልባዋን ማሰሪያ አንድ ጊዜ ፈትሻ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ሄዳ ከጎኑ ገባች።